የግራው ጥግ

የአባቴ የወረቀት መቁረጫ ማሽን የታመመችው በእኔ ኃጢአት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ይህን እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ማንም አልከሰሰኝም፤ ራሴ መረመርኩ፣ ራሴ ፈረድኩ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያችኑ ማሽን ይዤ እሠራለሁ፣ በእሷም እተዳደራለሁ። ያኔ የደረስኩበትን ፍርድ ሳስበው አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ የጎረስኩት አይወርድልኝም።

ቤታችን መሐል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኖሪያ። አባቴ ወንዳፈራሁ የሠርግ ጥሪ፣ የተዝካር ጥሪ፣ የማኅበር ደብተር፣ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይቀበላል። ኅትመቱ ደብረ ብርሃን ተሠርቶ በትልልቅ ወረቀት እንዳለ በአውቶቡስ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ይቆረጣል፣ ይጠረዛል። ስለዚህ የቤታችን ባለሥልጣን ማሽኗ ነበረች። ከባድ የብረት ገበታ አላት፤ እላይዋ ላይ መዘውር፣ በቀኝ በኩል ከእኔ ቁመት የሚበልጥ እጀታ። ወረቀቱ ተደራርቦ ገበታው ላይ ይቀመጥና ከኋላና ከግራ ካሉት መደገፊያ ብረቶች ጋር እስኪገጥም ይገፋል። መዘውሩ ሲዞር መጫኛው ወርዶ አፍኖ ይይዘዋል፤ እጀታው ሲሳብ ስለቱ ይወርዳል። መቶ ወረቀት በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ድምፁን እወደው ነበር፤ አንድ እፍኝ ገብስ በማጭድ ሲታጨድ የሚሰማው ዓይነት ነው።

አባዬ ስለ እሷ ሲያወራ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ ከመደርደሪያው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያወርድና ብሎን በብሎን ይቀባታል። "አንድ ቅዳሜ ብዘላት ትቀየመኛለች" ይለኝ ነበር። በበዓል ቀን ደግሞ አሮጌ ጋቢ ያለብሳታል። በእኛ አገር በማርያም ቀን ሞፈር አይነሳም፣ መርፌ አይያዝም፤ ማሽኗም እንደ ሰው በዓል ታከብራለች። "ዛሬ ማርያም ናት፤ ትረፍ" ይላል አባዬ፣ ጋቢውን ጎተት ጎተት እያደረገ። ጋቢ የለበሰችን ማሽን የነካ ሰው በቤታችን ታሪክ አልነበረም።

እኔ ነካኋት።

ኅዳር ጽዮን ነበር። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አባዬና እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ትተውኝ ሄዱ። በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን ደብተሬን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ እያሳየ "ይኼን ፍየል በልቶት ነው?" ብሎ አስቆብኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጠርዙ ተጣጥፎና ተበጣጥሶ ዓይን አይሞላም። የአባዬ ማሽን ደግሞ ይህን ደብተር በአንድ ምት አዲስ ልታደርገው እንደምትችል አውቃለሁ። የቤቱ ዝምታ ደፋር አደረገኝ። በርጩማ አምጥቼ ቆምኩ፣ ጋቢውን ገለጥኩ፣ ደብተሬን አስገባሁ፣ መዘውሩን አዞርኩ። እጀታው ግን አልወርድ አለ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት፤ እግሬ ከበርጩማው ለቀቀ፤ ስለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ከእኔ ጋር አብሮ ወረደ።

ደብተሬን ሳወጣው በአንድ ወገን ቀጥኗል፣ በሌላው ወገን ሰፍቷል። ለምን እንደጠመመ ዛሬ ብጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ ወደ መደገፊያው ብረት አልገፋሁትም። ያኔ ግን የገባኝ ማርያም እንደተቆጣችኝ ነው። ቁርጥራጩን ለቅሜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ፤ ጋቢውን እንደነበረ አለበስኩ፤ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ ተንቀጠቀጥኩ። እናቴ ስትመለስ ግንባሬን ዳስሳ "ትኩሳቱ ብሶባታል" አለች።

ከአንድ ሳምንት በኋላ እትዬ ጌታነሽ አባዬ የቆረጠላቸውን የልጃቸውን የሠርግ ካርድ ተሸክመው መጡ። የሞላ የደላ ቤት እመቤት ናቸው፤ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚገባው።

"ወንዳፈራሁ! ይኼ ምንድነው?" አሉና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ በተኑት። "ሐረጉን እየው እስቲ። በዚህ በኩል ሰፋ፣ በዚህ በኩል እንደ ክር ቀጠነ። ሰው ይኼን ይዞ ምን ይላል? ሰክረው ቆረጡት አይልም?"

ካርዱ ዙሪያውን በሐረግ የተከበበ ነበር፤ ጠማማ ቁረጣ ደግሞ በሐረግ ላይ አይደበቅም። አባዬ አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ፊቱ እየቀላ ሄደ።

"ማሽኗ ናት እትዬ ጌታነሽ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ማሽኗ ናት። በአዲስ እተካልዎታለሁ።"

"ማሽኗን አላውቅም፤ የማውቀው አንተን ነው" ብለው ወጡ።

እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ነበር። በሐረጉ ላይ ያየሁት የደብተሬን ጥመት ነው፤ ያው በአንድ ወገን ቀጭን፣ በአንድ ወገን ሰፊ። ማርያም ቅጣቷን በእኔ ደብተር ላይ ጀምራ ወደ አባዬ ሥራ አሻግራዋለች ማለት ነው።

ያን ቀን ከሰዓት አባዬ ሱቁን ዘግቶ ማሽኗን መመርመር ጀመረ። መጀመሪያ ስለቱን ጠረጠረ። አንድ ክምር ቆረጠና የላይኛውን ወረቀት ከታችኛው ጋር አስተያየ፤ እኩል ናቸው። "ስለቱ ቢደነዝዝ ኖሮ የታችኛው ይሸሽ ነበር" አለ። ስለቱ የሚያርፍበትን እንጨት አውጥቶ ገለበጠው። ከዚያ ደግሞ አንድ ክምር ቆርጦ ግማሹን ገለበጠና በግማሹ ላይ አስቀመጠ፤ ከኋላ ያለው መደገፊያ ከጠመመ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። አልታየም። የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ አምጥቶ ለካ። ቀጥ ያለ ነው። በጣቶቹ ሁለቱንም ጥግ ዳስሶ፣ ረጋ ብሎ ሲሞክራት እንደ ድሮዋ ትቆርጣለች። በማግስቱ ሥራ በርክቶ በድሮ ፍጥነቱ ሲሠራ ደግሞ ትጠማለች።

"ሲመረምሯት ጤነኛ፣ ሲሠሩባት በሽተኛ። ምን ጉድ ነው?" አለ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

ጉዱን የማውቀው እኔ ነኝ። ሲመረመር የማይገኝ በሽታ ከየት እንደሚመጣ በመሐል ሜዳ የማያውቅ ልጅ የለም።

ይባስ ብሎ እናቴ ከጎኗ ስትቆም ማሽኗ ቀጥ አድርጋ እንደምትቆርጥ ደረስኩበት። ይዘንጋሽ፣ እናቴ፣ የጓዳ ሥራዋን ትታ መጥታ ከማሽኗ በግራ በኩል መቆም አብዝታ ነበር። እሷ ስትቆም አንድም ካርድ አይበላሽም። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ይበላሻል። የነቢያትን ጾም እህል ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምትጾመው፤ ስለዚህ ማሽኗ የምታፍረው የእማዬን ንጽሕና ነው ብዬ ደመደምኩ። በጣም ኮራሁባት፤ በራሴም የዚያኑ ያህል አፈርኩ።

እናቴ ንጽሕናዋ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያ ቆማ የምትሠራው ሌላ ነገር ነበር። አባዬ ወረቀቱን አስገብቶ ወደ መዘውሩ ሲዞር፣ በሌባ ጣቷ የግራውን ጥግ ወደ መደገፊያው ትገፋለች። ጣቷን በዓይኔ አይቻለሁ። ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጅ ሆኖ ማየትና ማስተዋል ግን የተለያዩ ናቸው።

በዚያው ሰሞን አባዬ አኮረፈኝ። እኔ የምቀመጠው ከልጅነቴ ጀምሮ በግራው ነው፤ ማዕድ ላይም፣ ሱቅ ውስጥም። ድሮ ሲጎርስ ለእኔም ያጎርሰኝ ነበር። አሁን ዞር ብሎ አያየኝም። አንድ ቀን "አባዬ" ብዬ ደብተሬን ብዘረጋለት ፊቱን እንኳ ሳያዞር ክንዱ መታኝ፤ ደብተሩ ወደቀ፣ እሱም ደንግጦ "ከየት መጣሽ አንቺ?" አለኝ። ከየት እመጣለሁ? አጠገቡ ነበርኩ እኮ። ከተማውም ማማት ጀመረ፤ ወንዳፈራሁ ኮርቷል፣ በመንገድ ሰላም ሲሉት አይመልስም ተባለ። አባዬ የበሩን መቃን በትከሻው ይመታና መቃኑን ይረግማል። ሁሉም ነገር ግራ ገባኝ። ያወቀብኝ መሰለኝ። አውቆ፣ እስክናዘዝ ድረስ በዝምታ የሚቀጣኝ መሰለኝ።

ልብ ብሎ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ አንድ ነበር። ካርዱ የሚጠመው በግራ ነው፤ እኔ የምቀመጠው በግራ ነው፤ ሰላምታው የሚያመልጠው፣ መቃኑም የሚመታው በግራ ነው። የአባዬ ግራ ዓይን ያን ጊዜ አብቅቶለት ነበር። የዓይን ግፊት ነው፤ አያምም፣ አይቀላም፣ ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ጤነኛ ነው። እናቴ ብቻ ነቅታበት ነበር።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"በሞቴ ወንዴ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም።"

"ለምኑ? እኔ ምንም አልሆንኩም አልኩሽ እኮ። ማሽኗ ናት።"

"ማሽኗን ፈታህ ገጠምካት፣ ምን አገኘህባት?"

"ይሁን" አለ አባዬ። "እሱባለውን አስጠራለሁ። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ይያት። ማሽኗ ደህና ናት ካለ፣ በተመለሰበት አውቶቡስ አብሬው ሄጄ እታያለሁ። እክል ካገኘባት ግን ሁለተኛ የሐኪም ነገር እንዳታነሺብኝ።"

"ማርያምን በል።"

"ማርያምን።"

እሱባለው የማተሚያ ቤት ማሽኖችን የሚጠግን ሰው ነው። ይህን ውል ስሰማ ሐኪምና ማሽን ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሱባለው በማሽኗ ላይ ካልፈረደ አባዬ በአውቶቡስ ጥሎን ይሄዳል። የሚሄደውም በእኔ ምክንያት ነው። ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደተማርኩ አላውቅም።

የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረ አማኑኤል ቤታችንን ጸበል ሊረጩ የመጡ ቀን ድፍረት አገኘሁ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

"አባ፣ ብረት ቢታመም ጸበል ያድነዋል?"

ሳቁ። "ብረት ምን ኃጢአት አለበትና ልጄ?"

"ኃጢአት ያለበት ሰው ነክቶት ከሆነስ?"

"እንግዲያ ጸበል የሚያስፈልገው ለሰውዬው ነው" አሉና ራሴን በጭራቸው ነካ አድርገው አለፉ።

ምክሩ ግልጽ ነበር። እኔ ግን ለራሴ ጊዜ አልነበረኝም። እሳቸው ባርከው ከተዉት እንስራ በአንድ ሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል ቀዳሁ፤ በማግስቱ ማለዳ፣ እነሱ ሳይነሱ፣ በርጩማዬ ላይ ወጥቼ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ማሽኗ ላይ አፈሰስኩ። በገበታው ላይ፣ በመጫኛው ሥር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ፣ መደገፊያው ብረት በሚንሸራተትበት ትልቅ ብሎን ላይ። በሽታው የተደበቀው እዚያ ነው ብዬ ነበር። የተረፈውን በቀሚሴ ጠረግሁና ሃይላንዱን ከመደርደሪያው ሥር ሸሸግሁ። ጸበል ሰባት ቀን ነው፤ ሰባት ቀን አጠመቅኋት።

ዳነች! በእነዚያ ሰባት ቀናት አንድም ካርድ አልተበላሸም። የእትዬ ጌታነሽ ምትክ ካርድ እንኳ ያለቀው በዚያ ሳምንት ነው፤ እናቴ ከግራዋ ንቅንቅ አላለችም ነበርና። በስምንተኛው ቀን ግን እናቴ ወደ ራቤል ሄደች፤ እህቷ ጥሩሸዋ ወልዳ ልታርሳት። በዚያው ቀን ማሽኗ አርባ የማኅበር ደብተር አጣመመች። አባዬ አንዱን ደብተር ወደ ግድግዳ ወርውሮ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። አባቴን እንዲያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም ነበር። አጠገቡ ሄጄ መቆም ፈለግሁ፤ ግን በየት በኩል ልቁም?

ሌላ ሰባት ቀን ጀመርኩ። ያሁኑ አንድ ሃይላንድ አይበቃም ብዬ ሁለት አደረግሁት። ገበታው ላይ እንደ ሻይ የቀለመ ነጠብጣብ መውጣት ሲጀምር ደስ አለኝ፤ በሽታው ወደ ውጭ እየወጣ ነዋ። ሌላም ነገር አየሁ። ቅዳሜ አለፈ፤ አባዬ ዘይቱን ከመደርደሪያው አላወረደውም። ሁለተኛው ቅዳሜም አለፈ። የዘይቱ ጠርሙስ አቧራ ለብሶ ቆመ። ተስፋ ቆረጠባት ብዬ አለቀስኩ።

እሱባለው የመጣው እናቴ ከራቤል በተመለሰች በማግስቱ ነው። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ ካቻቢቴውን እንደ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ይሰካል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። የአባዬ ትንሽ ሻንጣ ተዘጋጅታ ከመጋረጃው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ አሰናድታ ያኖረቻት እማዬ ናት። እኔ ሻንጣዋን እያየሁ "እመቤቴ፣ የማሽኗን በሽታ ይይላት፣ እመቤቴ፣ ይይላት" እያልኩ ጣቴን እቆጥር ነበር።

እሱባለው ስለቱን በጥፍሩ ሞከረ። "ስለቷ ማለፊያ ነው።" መጫኛውን አየ። "ይኼም ደህና ነው።" ስኳድራውን አጋደመ። "ቀጥ ያለች ማሽን ናት ወንዳፈራሁ፤ ምኗ ነው የሚጠመው?"

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ እሱባለው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ መደገፊያውን በመዘውሩ ሊያንቀሳቅስ ሞከረ፤ ሲጢጥ አለ። ጣቱን አውጥቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። ቀይ ነበር።

"ኧረ በማርያም! ይኼ ሁሉ ዝገት ከየት መጣ? ብሎኗ ተበልታለች እኮ! መደገፊያው በግራ በኩል እየተያዘ ነው የሚያስቸግርህ። ውኃ አፍሳችሁባታል እንዴ?"

"ጣራው ያፈሳል" አለ አባዬ ፈጠን ብሎ።

ታኅሣሥ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። እናቴ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ከዚያ አባዬን አየች።

"አላልኩሽም?" አላት አባዬ። ሳቀ፤ እንደዚያ ከሳቀ ሰንብቶ ነበር። "አላልኩሽም ይዘንጋሽ? ማሽኗ ናት አላልኩም?" እኔን አፈፍ አድርጎ አንስቶ ወደ ጣራው ወረወረኝ፣ ቀለበኝ። ጢሙ ጉንጬን ወጋኝ። ይቅር ብሎኛል ብዬ በደስታ ጮህኩ። እሱባለው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ግራሶ ቀባው፣ ምሳውን በልቶ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ብቻውን ሄደ። እናቴ ሻንጣዋን ፈታ፣ እያለቀሰች የአባዬን ሸሚዝ እንደገና ስታጣጥፍ አየኋት፤ አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ እንደገና ትዘረጋዋለች። ማሽኗ ስለዳነች ማልቀስ ነበረባት? ግራ ተጋባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኗ ዳነች ተባለ፤ እናቴ ግን ከግራዋ አልተነሳችም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባዬ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ማግኘት አቃተው። የደብረ ብርሃን ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኩን፤ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እናቴ "ምንም ተስፋ የለውም?" ስትላት ወረቀቱን እያየች መለሰች።

"ነርቩ አልቋል እማማ። የግራው ቀደም ብሎ ነው የሄደው። ሁለት ዓመት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ቀኙን እናተርፈው ነበር።"

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ መቀነስ ተምሬያለሁ። ከዚህ ዓመት ላይ ሁለት ሲቀነስ ዝገቱ ይመጣል። ዝገቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በአውቶቡስ እየተመለስን እናቴ የአባዬን እጅ ይዛ ነበር፤ እኔ በመስኮቱ የጣርማ በርን ገደል እያየሁ የልጅነት ፍርዴን በአዲስ ፍርድ ተካሁት። ማሽኗን አላሳመምኩም። ያጠፋሁት የአባቴን ዓይን ነው። ይህኛው ፍርድ ከመጀመሪያው የባሰው እውነት ስለነበረ ነው፤ ወይም እውነት ስለመሰለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ሱቁን ያዝኩ። ሰው "ሰርካለም ለአባቷ ያላት ፍቅር" ይላል፤ እኔ ዕዳ እየከፈልኩ ነበር። በየዓመቱ ዓይኔን እታያለሁ፤ በዘር ይወርዳል ብለውኛልና።

ያለፈው ነሐሴ ነው። የማኅበር ደብተር እቆርጣለሁ፤ አባዬ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የቆረጥኩትን በጣቱ እየዳሰሰ ይደረድራል። አሁን ጣቱ ከሚያይ ሰው ዓይን ይበልጣል።

"ጠመመች" አለ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ እያንሸራተተ። "ግራው ሰፋ።"

ሥራዬን አቆምኩ። እሱ እንዳስተማረኝ ግማሹን ገልብጬ በግማሹ ላይ አስቀመጥኩ፤ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ታየኝ። "መደገፊያው ነው" አልኩት፣ ካቻቢቴ አንስቼ። ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ፤ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ብሎኑን ዳሰሰ፤ ጣቶቹን አፋተገ፣ አሸተተም። የሰሞኑ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ አዝግቶት ኖሯል። አባዬ ፈገግ አለ።

"ሰርኬ፣ ደግሞ ጸበል አፈሰስሽባት እንዴ?"

እጄ ላይ የነበረው ካቻቢቴ ወደቀ።

"ምን አልክ?"

"ቀልዴን ነው። የጣራው ፍሳሽ ነው።"

"አባዬ፣ ምን አልክ?"

ፈገግታው ጠፋ። በዳበሳ በርጩማውን አግኝቶ ተቀመጠ።

"አየሁሽ እኮ" አለ። "በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥተሽ፣ ሃይላንዱን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ አቡነ ዘበሰማያት ትደግሚያለሽ። ልጄ ለማሽኔ ትጸልያለች ብዬ አንጀቴ ተላወሰ።"

"ታዲያ ለምን አላስቆምከኝም? ብረት እንደሚዝግ ታውቃለህ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዘይቱን ልብ ብለሽ ነበር?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያን ሁለት ቅዳሜ አልቀባኋትም። ዝገቱ ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ ያኔ በጨርቅ ጠረግ ባደርገው ይለቃል። ተውኩት። እሱባለው እንዲያገኘው ተውኩት።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከአፌ የወጣውን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው።

"ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።"

አባዬ ብድግ አለ። እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ፤ የዘረጋው ወደ ግራ ነው፤ እኔ በቀኝ ነበርኩ።

"አንቺ? አንቺ ምን አደረግሽ? ልጅ አልነበርሽም እንዴ? ረስታዋለች ብዬ ነበር እኮ፤ በማርያም፣ ረስታዋለች ብዬ ነበር።" የማሽኗን ገበታ ተደገፈ። "የዓይነ ስውሩን አባቴን በትር ጫፍ ይዤ በራቤል ገበያ ለገበያ የመራሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደጀመረው አውቃለሁ፤ እንደኔው በግራ ነው። ሐኪሙ እንዲነግረኝ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ስሙን እንዳይጠራብኝ ነው የሸሸሁት። ከአንቺ ጸበል ኋላ ነው የተደበቅሁት።"

ተናደድኩ። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ልጮህበት፣ በሩን ወርውሬ ልወጣ ፈለግሁ፤ የተቀጣሁበትን አሥራ ሁለት ዓመት ማን ይመልስልኛል? በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ላይ ሆነው አላስለቅስ አሉኝ። እጁን ያዝኩት። ዝገት ነበረበት።

ከመጋረጃው ወዲያ የእናቴ ጫማ ድምፅ ተሰማ። አባዬ ጆሮውን አቀናና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ለእናትሽ አትንገሪያት" አለኝ በሹክሹክታ። "በማርያም አስምላኝ ነበር።"

ድምፁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። አርጅታለች፤ ግን ዛሬም ሱቅ ስትገባ እግሯ የሚወስዳት ከማሽኗ ወደ ግራ ነው። እዚያ ሄዳ ቆመች። የወደቀውን ካቻቢቴ አየች፣ ከዚያ የተያያዘውን እጃችንን።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለች።

አባዬ የማያይ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

"ምንም አልሆንንም እማዬ" አልኳት። "ማሽኗ ናት።"